ዙፋንና ዱቡሻ

ዱን ፊልም ላይ ፖል አትሬዲስ የበረሃ ጦር አሰልፎ ዙፋኑን ሲይዝ፣ ያሰብኩት ልጅ ኢያሱን ነው። ምኒልክ አልጋ ወራሽ ያደረጉት ወጣት ዘውድ ሳይጭን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻረ። አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ዙፋኑን ሊያስመልሱ ዘምተው፣ በወሩ ሰገሌ ጦርነት ላይ ተማረኩ። ስንት ሺህ የድሃ ልጅ አለቀ! ያ ደም ዛሬም ያንገበግበኛል።

የሥልጣን ነገር እዚህ ጋሞ ሌላም መልክ አለው፦ ካዎነት (ንግሥና) ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ ሃላቃ የሚባለው ሹም ግን ተመርጦ ነው የሚሾመው። ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለችው ኦቾሎ የአገር ጉዳይ የሚቆረጠው ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ተነስቶ ይናገራል፣ ሌላው ይሞግተዋል፤ እስኪስማሙ ድረስ ይከራከራሉ። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው በዚሁ ሸንጎ ላይ ነው። የኢያሱም ነገር እንዲህ ባለ ሸንጎ፣ ራሱ ባለበት ቢታይ ኖሮ እላለሁ።