በስሜን ተራሮች የት ይታደራል?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የዓመት ፈቃድዎን በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሊያሳልፉ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሻንጣዎን አንሥተዋልን? እንግዲያውስ አስቀድመው የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ፤ ማደሪያ ሲመርጡም ከዋጋው በፊት ከፍታውን ይመልከቱ።

«የአዲስ አበባ ሰው ደጋ ለምዷል» ብለው አይመኩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ በፓርኩ ውስጥ ያለው የጨነቅ ሰፈር ግን ከ3,600 ሜትር ያልፋል። በአንድ ቀን እዚያ ወጥቶ የሚያድር ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ያን ጊዜ ያጠራቀሙት ገንዘብም ፈቃዱም በከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደባርቅ ይደሩ። የመግቢያው ክፍያ የሚፈጸመውና አጃቢ ስካውት የሚገኘውም በዚያው ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። በማግሥቱ 3,250 ሜትር ላይ በሳንቃ በር ድንኳን ይትከሉ። በሦስተኛው ቀን ጨነቅ ሲደርሱ ዋልያውን በሙሉ ጤና ለማየት ይበቃሉ።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነውና ወፍራም ጋቢ አይርሱ። ራስ ምታቱ ከጸናብዎም ፈጥነው ወደ ታች ይውረዱ፤ መታገሡ ጀግንነት አይደለም። ተራራው የትም አይሄድም፤ በሌላ ጊዜ ይመለሱበታል።