ዋይፋዩን ሳናጣራ እህቶቻችንን ወቀስን



ባለፈው ረመዳን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ በተከራየነው የጀመዓ ቤት ያጋጠመንን እንንገራችሁ። ነገሩ የዋይፋይ ጉዳይ ነው፤ ያሳፈረን ግን ሌላው ክፍሉ ነው።

አንድ ተመርቆ የወጣ ወንድማችን ሦስት የዋይፋይ ስፒከሮች ሰጥቶን ነበር። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ኢፍጣር በሚዘጋጅበት ማዕድ ቤት፣ ሦስተኛውን እህቶች በሚቀመጡበት ከጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት አደረግን። ከዐስር በኋላ የተቀዳ የተፍሲር ደርስ ከአንድ ስልክ እንከፍታለን፤ ሦስቱም ክፍል እኩል ይሰማል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሰርቪሱ ስፒከር ይቆራረጥ ጀመር። እህቶች ደርሱን ግማሹን ሲሰሙ ግማሹ ያመልጣቸዋል። "ኔቱ ደክሞ ነው" ብለን ከኢፍጣር መዋጮው ቀንሰን ፓኬጁን ከፍ አደረግን። ለውጥ የለም። ያኔ "በደርስ ሰዓት ቪዲዮ እያዩ ነው" አልን። ማንንም ሳንጠይቅ በጀመዓው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እህቶች፣ ደርስ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡ" ብለን ጻፍን።

በማግስቱ እህቶች በሙሉ የስልካቸውን ዋይፋይ አጠፉ። ስፒከሩ አሁንም ተቆራረጠ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት እህት ሁለት ነገር ጠየቀችን። "ደርሱ ከኢንተርኔት ነው የሚመጣው ወይስ ስልኩ ላይ ተጭኗል?" ስልኩ ላይ ነበር። እንግዲያው ድምፁ የሚሄደው ከስልኩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ስፒከሩ ነው፤ ኢንተርኔቱን አይነካም። ለፓኬጅ የጨመርነው ብር ለዚህ ችግር ምንም አልፈየደም። ቀጥላ "ስፒከሩን ሳሎን አምጥታችሁ ሞክራችኋል?" አለችን። አመጣነው፤ ደርሱ እስኪያልቅ አንዴም አልተቆራረጠም። ጥፋቱ የስፒከሩም የእህቶችም አልነበረም፤ የቦታው ነበር።

ራውተሩን ያስቀመጥነው ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። የሰርቪሱ ግድግዳ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ሲግናል በቀላሉ አያሳልፍም። ስፒከሩም የተገናኘው በ5 ጊጋኸርዝ ነበር፤ ይህ ፈጣን ቢሆንም በግድግዳ ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩን አውጥተን መስኮት አጠገብ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ስፒከሩን ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ አዛወርን። ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች የጎረቤት ዋይፋይ ያልበዛበትን መረጥን። በጣም ተሻለ፤ አልፎ አልፎ ግን መቆራረጡ አልቀረም።

አንድ አሮጌ ራውተር ስለነበረን ከዋናው በኬብል ስበን ሰርቪሱ ውስጥ አስቀመጥነው። ይባስ ብሎ ስፒከሩ ከአፑ ላይ ጠፋ። "ነካክተውት ይሆናል" ልንል ስንል አፋችንን ያዝንና መጀመሪያ የራሳችንን ሥራ አየን። ሁለተኛው ራውተር የራሱን አድራሻ እያደለ ሌላ ኔትወርክ ፈጥሮ ነበር። ስልኩ በአንዱ፣ ስፒከሩ በሌላው፤ አንድ ቤት ሆነው አይተያዩም። በአሮጌው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒውን አጠፋን፣ አድራሻው ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀየርን፣ ኬብሉን ከዋን ቀዳዳ ነቅለን ላን ላይ ሰካን። ስፒከሩ ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ፣ የቀረውን ረመዳን ሳይቆራረጥ ሠራ።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ስፒከሩን ራውተሩ አጠገብ ሞክሩት። ከሠራ ችግሩ የቦታ ነው። አፑ ላይ ጭራሽ ካልታየ ስልኩና ስፒከሩ በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸውን እዩ፤ ለእንግዳ የተከፈተ ዋይፋይም እንዲሁ ይለያያቸዋል።

ከሱረቱል ሑጁራት 6ኛውንና 12ኛውን አንቀጽ ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃለን። አንዱ ስለ ማጣራት፣ ሌላው ስለ ጥርጣሬ ነው። ስፒከሩን ሳሎን አምጥቶ ለመሞከር አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ለእህቶቻችን ክብር ያችንም አልሰጠንም። ያንን መልእክት በማግስቱ አጠፋነው፤ ማጥፋት ግን ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። የወቀስነው በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም በግሩፑ ጠይቀናል፤ እዚህም እንደግመዋለን። እህቶቻችን፣ ለአላህ ብላችሁ አፉ በሉን።

አላህ ከመናገራችን በፊት የምናጣራ ያድርገን። አሚን።