ለቤተ ሰብ ዕረፍት የሚሆን የውኃ ዳር ስለ መምረጥ

ሰው ለሥራው እንደሚተጋ ሁሉ ለዕረፍቱም ማሰብ ይገባዋል። ይልቁንም ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ሰው የዕረፍቱን ስፍራ የሚመርጠው ለራሱ ብቻ ስላይደለ፥ በመረጠ ጊዜ የቤቱን ሁሉ ጤና በእጁ እንደ ያዘ ማወቅ አለበት። ይህን የምጽፈው በራሴ ከደረሰው ነገር ተምሬ ነውና፥ የተከበሩ አንባቢዎች እንደ ወንድም ምክር ይቀበሉልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

መኖሪያችን በሀድያ ምድር፥ በሶሮ ወረዳ፥ በጊምቢቹ ከተማ ነው። አገሩ እንሰት የከበበው ደጋ ሲሆን፥ ወደ ምዕራብ ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። ከዚያ በታች በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የጊቤ ሦስት ግድብ ወንዙን ወደ ኋላ አግዶ ረጅም ሐይቅ አድርጎታል። ነገር ግን ዳሩ ገደል ስለ በዛበት ውኃውም በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ለሕፃናት መጫወቻ አይመችም። ስለዚህ ልጆቻችን ከምንጭና ከጅረት በቀር ትልቅ ውኃ ሳያዩ አደጉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆጵሮስ ደሴት ተቀምጦ የሚሠራ የእኅቴ ልጅ፥ በባሕር ዳር በነጭ አሸዋ ላይ ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ላከልን። ልጆቹ ሥዕሉን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ አይቼ፥ በሚመጣው የትምህርት ዕረፍት ውኃ ዳር እወስዳችኋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ዝዋይንም መረጥሁ። ምርጫዬም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዛሬ ደምበል እየተባለ የሚጠራው ይህ ሐይቅ አምስት ደሴቶች ያሉት ሲሆን፥ ከእነርሱ በሚበልጠው በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ገዳም ይገኛል። በዮዲት ዘመን ጽላተ ሙሴን ከአክሱም አሽሽተው በዚያ አስቀምጠውት ነበር የሚለውን ትውፊት ለልጆቹ በስፍራው ሆኜ ልነግራቸው ወደድሁ።

በታንኳ ሄደን በደኅና ተመለስን። በመሸም ጊዜ የስምንት ዓመት ልጃችን በዳሩ ካለው ሣር መካከል ገብቶ ይታጠብ ዘንድ ለመነኝ። አንዱን የታንኳ ቀዛፊ ብጠይቀው፥ «ምንም የለበትም፤ እኛም የምንታጠበው እዚሁ ነው» አለኝ። እኔም ውኃው የረጋ፥ ፀሓዩም የሚያምር መሆኑን አይቼ ፈቀድሁለት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጁ በትኩሳትና በሆድ ቍርጠት ተያዘ። ወባ ነው ብለን ብናስመረምረው አልተገኘበትም። በኋላ ግን ሐኪሙ «በቅርብ ጊዜ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ነበርን?» ብሎ ጠየቀን፤ ዓይነ ምድሩም በተመረመረ ጊዜ ቢልሐርዝያ ሆኖ ተገኘ። ይህ በሽታ በሣራማ ዳርቻ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው ከሚወጣ ጥቃቅን ትል የሚመጣ ነው፤ ትሉም የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ውኃውን ባይጠጡትም መንካቱ ብቻ ይበቃል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ስላለ ልጃችን ዳነ። ነገር ግን ባለቤቴ በአልጋው አጠገብ ሳለች የተናገረችኝን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ስፍራውን መረጡልን እንጂ ውኃውን አልመረጡልንም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህንን ለእኅቴ ልጅ በጻፍሁለት ጊዜ ረጅም ደብዳቤ መለሰልኝ። እንዲህም አለ፤ «አጎቴ ሆይ፥ እዚህም ቢሆን ዳርቻ ሁሉ አንድ አይደለም። በኣያ ናፓ አሸዋው ነጭ፥ ውኃውም እስከ ሩቅ ድረስ ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ ሕፃናት ያሏቸው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ በጳፉ በኩል ግን ድንጋዩ ይበዛል። በቀርጤስ ደሴት ደግሞ በበጋ የሰሜን ነፋስ ሲነሣ የሰሜኑ ዳር ማዕበል ስለሚበዛበት፥ አዋቂዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደቡቡ ይሻገራሉ።» ከዚህም በላይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1985 በፈረንሳይ አገር ስለ ተጀመረው ሰማያዊ ሰንደቅ ገለጠልኝ። ይኸውም ውኃው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ለተገኘ፥ ጥበቃውም ለተሟላ ዳርቻ የሚሰጥ ምልክት ሲሆን፥ በየዓመቱ እንደገና ይመረመራል።

እኛ ኤርትራ በዚያው አቈጣጠር በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የራሳችን የባሕር ዳር የለንም። በሐይቆቻችንም ዳር እንዲህ ያለ ሰንደቅ ተተክሎ ስላላየሁ፥ መርማሪው አባት ራሱ መሆን እንዳለበት ተረዳሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ጉዞ ከማሰባችን በፊት ስለ እያንዳንዱ ሐይቅ ከሐኪሞችና አገሩን ከሚያውቁ ሰዎች ጠየቅሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ለአንባቢ አካፍላለሁ።

በቅርባችን በሻሾጎ ያለው የቦዮ ሐይቅ ረግረጋማ ሲሆን ጉማሬና ልዩ ልዩ ወፎች ይኖሩበታል፤ ከሩቅ ሆነው ይመለከቱታል እንጂ አይገቡበትም። ከሃላባ አልፈው ሻሸመኔ በደረሱ ጊዜ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ሐዋሳን ያገኛል። በዚያ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ያወጡትን ዓሣ ሲያጸዱ፥ ትልልቅ አሞራዎች እንደ ደጅ ጠኚ ቆመው ሲጠብቁ ማየት ልጆችን እጅግ ያስደስታል። ነገር ግን ሐዋሳም ጉማሬና ቢልሐርዝያ ስላለበት ለመመላለስና ዓሣ ለመብላት እንጂ ለመታጠብ አይመረጥም።

ወደ ሰሜን የሄደ ሰው በመጀመሪያ ሻላን ያያል። ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በዳሩም ፍል ውኃ ይፈልቃል። ዕይታው ግርማ ያለው ነው፤ ዋና ለማያውቅ ሕፃን ግን አይሆንም። ጎረቤቱ አቢጃታ ባለፉት ዓመታት ውኃው እጅግ ስለ ሸሸ ዳሩ ጭቃ ነው፤ ስለዚህ ወፎቹን ለማየት የሚሄድ መኪናውን ከደረቁ መሬት ላይ ያቁም። ወደ አርባ ምንጭ የሚሻገር ቢኖርም፥ ዓባያና ጫሞ አዞ ያለባቸው መሆናቸውን አይርሳ።

የቀረው ላንጋኖ ነው። ውኃው ቡና የመሰለ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ሲያዩት አያምርም፤ እኔም በፊት ሳልመርጠው የቀረሁት ስለዚሁ መልኩ ነበር። ይሁን እንጂ ጨውነት ስላለበት ከቢልሐርዝያ ነጻ ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲታወቅ የኖረና ሰዎች የሚታጠቡበት ሐይቅ ነው። ቢሆንም ጣፋጭ ጅረት ከሚገባበትና ሣር ከበዛበት ስፍራ መራቅ ጥንቃቄ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ ውኃው ስለ ደፈረሰ ከወገቡ በታች የገባ ሕፃን አይታይም፤ ቢሰጥም የት እንደ ሰጠመ አይታወቅም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ስፍራ እውነት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕፃን ዓይኑን የማይነቅል አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ከቀትር በኋላም ነፋስ ሲነሣ ሕፃናቱን ማውጣት ይገባል።

ባለፈው የመንፈቅ ዕረፍት ባለቤቴ ቆጮና ቅቤ ሰንቃ፥ ከጊምቢቹ በማለዳ ተነሥተን ወደ ላንጋኖ ሄድን። ታናናሾቹ ውኃውን እንዳዩ ሮጡ። ታሞ የነበረው ልጃችን ግን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በአሸዋው ላይ ቆመ። ቀርቤ ምን ሆንህ ብለው፥ «አባባ፥ ይህስ ውኃ ደኅና ነውን?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ያን ጊዜ ምንም የለበትም ብዬ ለመመለስ አፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል ከዚህ በፊት ያደረሰብንን አስታወስሁ። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጬ ማንን እንደ ጠየቅሁ፥ ምን እንዳሉኝ፥ ደግሞም የትኛው አደጋ ገና እንዳለና ስለ እርሱ ምን እንደምናደርግ አንድ በአንድ ነገርሁት። ከዚያ በኋላ ሱሪዬን ሰብስቤ እኔ አስቀድሜ እስከ ጕልበቴ ገባሁ። ጥቂት ቆይቶ ጫማውን አወለቀና መጥቶ እጄን ያዘ። ባለቤቴም ከዳር ሆና፥ «ዛሬስ ውኃውን መረጡልን» አለች።

እንግዲህ በላንጋኖም ሆነ በቆጵሮስ፥ ልጆቹን ይዞ ወደ ውኃ ዳር የሚሄድ ሰው ስለ አሸዋው መልክ ከመጠየቁ በፊት ስለ ውኃው ጤና፥ ስለ ጥልቀቱና ስለ ነፋሱ ይጠይቅ። የጠየቀውንም ለልጆቹ ይንገራቸው፤ ነገ እነርሱም በተራቸው ለልጆቻቸው የሚመርጡ ናቸውና።