የሶባ ሲጃ

ሶባ የሄድኩት ፍርስራሽ ለማየት ነበር፤ ጦርነቱ ካርቱምን ከማመሱ በፊት። ከከተማዋ መሀል በጥቁር አባይ ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት መዲና እዚህ ነበረ። ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ በ10ኛው መቶ ዘመን መጥቶ ወርቅ የሞላቸውን አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎችን ጽፎላታል። ዛሬ የቀረው የጡብ ስብርባሪ የለበሰ ጉብታ ነው፤ ደህና ደህናውን ጡብ በ19ኛው መቶ ዘመን ካርቱም ስትገነባ አግዘውታል።

ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነው። ኒም ዛፍ ሥር አንዲት የአገሬ ልጅ ሻይ ታፈላለች። አጠገቧ ሁለት ሽማግሌዎች አሸዋው ላይ ቁጭ ብለዋል። አንደኛው በአውራ ጣቱ አሸዋውን እየተጫነ አምስት በአምስት ጎድጓዳ ቤቶች ሠራ። ለአንዱ ጠጠር፣ ለሌላው የቴምር ዘር፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። በየተራ ሁለት ሁለት እያደረጉ ይደረድራሉ፤ የመሀሏ ቤት ባዶዋን ትቆያለች። ከዚያ ማንቀሳቀስ ነው። የባላንጣህን ጠጠር ከሁለት ወገን ካጣበቅኸው በላኸው፤ ራሱ ፈልጎ መሀል የገባ ግን አይበላም። ሲጃ ይሉታል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን ስለ ግብፃውያን እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጨዋታ ገልጾታል።

እኔ እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ጎ የሚባለው የምሥራቅ እስያ ጨዋታ ደግሞ ክፉኛ ይዞኛል። በጎም መብላት መክበብ ነው። ሰሌዳው ግን 19 በ19 ነው፤ የተቀመጠ ጠጠር ካልተበላ በቀር አይነሳም። ሶባ ላይ የገረመኝ የመሀሏ ቤት ናት። ኤሪክ ቫን ደር ቬርፍ የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ባለ አምስት በአምስቱን ጎ በኮምፒውተር እስከ መጨረሻው ፈትቶታል፦ ጀማሪው መሀል ላይ ካስቀመጠና ካልተሳሳተ ሃያ አምስቱንም ይወስዳል። እነዚህ ሽማግሌዎች ግን ሲደረድሩ መሀሉን ማንም እንዳይዘው ከልክለዋል! ዝምድና አለው አልልም። እኔ ግን ሻዬን አስቀዘቀዝኩ።

ጨዋታው ወደ ማለቁ ሁለቱም በየጥጋቸው አጥር አጥረው ተቆላለፉ። ተያዩ። አንደኛው «ኸላስ» (በቃ) አለ፤ ቆጠሩ፤ አለቀ። አንድም ክርክር የለም።

ለማሽን ይህች «ኸላስ» መከራ ናት። ጎ ላይ ሁለት ሰዎች «ይኼ ሙት ነው፣ ያ በሕይወት አለ» ተባብለው ይስማማሉ፤ ነጥቡ ከዚያ በኋላ ይቆጠራል። ኮምፒውተር ገና ያልተበላውን ሙት እንዴት ይወቅ? በግማሽ የቀረ ሰሌዳ አይቶ ማን እንደሚመራ መገመትማ ለአሥርት ዓመታት ፕሮግራመሮችን አስለቅሷል። መላው የመጣው በዘዴ ነው፦ አትገምት፤ ጨዋታውን በዘፈቀደ እስከ ጫፉ ተጫወተውና ቁጠር፤ ይህንኑ ሺህ ጊዜ ድገም። ጫፍ ላይ ሁሉም ተበልቶና ተሞልቶ ስለሚቀር መቁጠሩ የሕፃን ሥራ ነው። የፈረንሳዊው ሬሚ ኩሎም «ክሬዚ ስቶን» በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውድድር በዘጠኝ በዘጠኝ ሰሌዳ ወርቅ ወሰደ። አሥር ዓመት ቆይቶ «አልፋጎ» የተባለው ፕሮግራም ሴኡል ውስጥ ታዋቂውን የጎ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ረታው።

በማግስቱ ሲጃ የሚጫወት አጭር ፕሮግራም ጽፌ ላፕቶፔን ይዤ ተመለስኩ። ሁለቱን ወገኖች ማሽኑ ራሱ እንዲያጫውት ተውኩት። ተቆላለፉና አንዱን ጠጠር ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ለትልቁ ሰውዬ መድኃኒቱን ከጎ እንደምወስድ አስረዳኋቸው፦ አንዴ የታየ አሰላለፍ ተመልሶ እንዳይመጣ መከልከል። ለዚህ ማሽኑ ለየአሰላለፉ ቁጥር እየሰጠ ይመዘግባል፤ አልበርት ዞብሪስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ዘዴ ነው። አስተርጓሚያችን ሻይ ሻጯ ነበረች።

ሽማግሌው ሳቁ። «ያን ሁሉ ማን ያስታውሳል? እኛ ዘንድ ሦስቴ ያመላለሰ ለተቀመጠው ሁሉ ሻይ ይገዛል።»

እሷ ይህን ተርጉማ ስታበቃ ጥላውን አየችና በዓይኗ ሰው ቆጠረች። «እንግዲህ ወንድሜ፣ የኮምፒውተርህን ሻይ አንተ ነህ የምትከፍለው?»