ጥቁሮቹ ቁልፎች ይሠራሉ ወይ?

ለልደትም ሆነ ለገና ከሚገዙ የልጆች ስጦታዎች አንዷ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራው ትንሿ ፒያኖ ናት። መርካቶ ሞልታለች፤ ከሰፈር ሱቅም አትጠፋም። ቤት ከገባች በኋላ የሚሆነው ግን የታወቀ ነው። ልጁ አንዷን ቁልፍ ይጫናል፤ ፒያኖዋ «ሃፒ በርዝደይ»ን ከዳር እስከ ዳር ራሷ ትዘፍናለች። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ይሰለቻል፤ ጎረቤት ያማርራል፤ እናት ድንጋዩን አውጥታ ለሪሞት ታደርገዋለች።

«ድሮስ ከአሻንጉሊት ምን ይጠበቃል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ይጠበቃል! ለዚህ ጃማይካን ማየት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የጃፓኑ ካሲዮ ኤምቲ 40 የተባለች ትንሽ የቤት ኪቦርድ አወጣ። ውስጧ ያሉትን ዝግጁ ምቶች የሠራችው ኦኩዳ ሂሮኮ ናት፤ ከሙዚቃ ኮሌጅ የመመረቂያ ጽሑፏን በሬጌ ላይ የሠራች ወጣት። ከምቶቹ አንዱ «ሮክ» የሚል ስም ተለጥፎበት ኪንግስተን ደረሰ። በ1985 ዘፋኙ ዌይን ስሚዝና ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ ያንኑ ምት አዘግይተው «አንደር ሚ ስሌንግ ቴንግ»ን ሠሩበት። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች በዚሁ ምት ላይ ተሠርተዋል። ርካሽ ዕቃ የአንድ አገር ሙዚቃ አቅጣጫ ቀየረ ማለት ነው። ወሳኙ ውስጧ የተሞላው ነገርና የያዛት እጅ ነበር።

ኢትዮጵያም ምስክር አላት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ፖርታባጋሊዮው ውስጥ ይይዝ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድበታል።

የዛሬ ተማሪ «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለው። ክራርና ማሲንቆ በእጁ የሚነካው ግን ጥቂቱ ነው። ብዙ የከተማ ልጆች መጀመሪያ የሚነኩት መሣሪያ ያቺ ፕላስቲክ ፒያኖ ናት። የጆሯቸው የመጀመሪያ አስተማሪ እሷ ከሆነች፣ ትዝታን ሳይሰሙባት ለምን ያድጋሉ?

ትዝታ ደግሞ ውስጧ አለ። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ የሚነካ ልጅ እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ተደርድረው ያገኛቸዋል፤ ሦስት ሆነው ከተቀመጡት ጥቁሮች የመጀመሪያው ዶ ይሆናል። ከጥቁሮቹ እስካልወጣ ድረስ የትኛውንም ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። እርግጥ ክራር መቺ በጆሮው ቃኝቶ የሚያወጣውን ለዛ ፋብሪካ የቃኘው ፕላስቲክ አይሰጥም። ለመነሻ ግን ይበቃል።

ስለዚህ ወላጅ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ጥቁሮቹን ተጭኖ ይሞክር። በርካታ ርካሽ ፒያኖዎች ላይ ጥቁሮቹ ለጌጥ የተቀቡ ናቸው፤ ድምፅ የላቸውም። ቤት ሲደርስም ራሷ የምትዘፍንበትን ቁልፍ ትቶ ከልጁ ጎን አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ የሚያውቀውን ዜማ ያንጎራጉርለት፤ ልጁ በጣቱ ይፈልገው።

የቀረው የአስመጪዎች ድርሻ ነው። ዕቃውን በብዛት የሚያዝ ነጋዴ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተሞላበት ፒያኖ እንዲሠራለት ፋብሪካውን መጠየቅ ይችላል። ቅኝቶቹን አስተካክሎ የሚሞላ ባለሙያ ደግሞ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አፍርቷል። ኦኩዳም ፋብሪካ የገባችው ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥታ ነው።