ቃል የሌለው ጊታር

በኛ አገር ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ አንድ ስም ነው ያለው፤ "ክላሲካል"። ዋሽንትም ይሁን ሳክስፎን፣ ማሲንቆም ይሁን ኦርጋን፣ ቃል ከሌለው ክላሲካል ነው፣ አለቀ። ሬዲዮ ላይ ድንገት ክላሲካል ከበዛ ደግሞ እናቶቻችን የያዙትን አስቀምጠው "ደግሞ ማን ሞተ?" ይላሉ። ከዜና በፊት ክፍተት መሙያ፣ በሐዘን ቀን ማልቀሻ፣ ሠርግ ላይ ምግብ እስኪቀርብ መቆያ። እኔ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ፈተና ሳርም የማደምጠው ይሄንኑ ነው።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ያ ክፍል ውስጥ ያሰማኸን ጊታር ምን ነበር? ደግሞስ ምኑ ነው እንደዚህ የሚጥምህ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሜሴንጀር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ያሰማኋችሁ ዋልያስ ባንድን ነው። "ቼ በለው" የሚባለው አልበም፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ። "ሙዚቃዊ ስልት" የምትለዋ የግርማ በየነ ድርሰት እሱ ውስጥ ናት፤ ዛሬ ስንትና ስንት የውጭ ባንድ ይጫወታታል። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ጊታሩ ላይ ማሕሙድ አማን። ሰው ሁሉ የሚሰማው ኦርጋኑንና ሳክስፎኑን ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ጊታሩን ብቻ ተከተሉት። ዜማውን አይደለም የሚጫወተው። ከኋላ ሆኖ "ቸክ... ቸክ-ቸክ" እያለ ቦታ ይጠብቃል። ግራ እጁ ክሩን በደንብ አይጫነውም፣ ነካ ነካ ብቻ፤ ቀኝ እጁ ግን አያርፍም። ድምፁ ግማሽ ጊታር ግማሽ ከበሮ ይሆናል። ይሄ የፈንክ ጊታር ነው። ጂሚ ኖለን የሚባል ሰው ከጄምስ ብራውን ጋር በ1965 አካባቢ ዓለምን ያስለመደው አመታት ነው።

ስለ ድምፅ ሞገድ ሳስተምር ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄን የ1970ዎቹ ሥራዎች የማሰማችሁ በከንቱ አልነበረም። እዚያ ውስጥ ጊታሩ "ዋ-ዋ" ይላል አይደል? እግር ሥር ያለ ፔዳል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጎላል፣ ሲለቀቅ ወፍራሙ። አፋችንን ከፍተን ስንዘጋ የምናደርገው ይሄንኑ ነው፤ ለዚህ ነው ጊታሩ የሚናገር የሚመስለው። ቃል የለውም፣ አፍ ግን አለው። (ፈተና ላይ ይሄን የጻፈልኝ ልጅ አንድ ብቻ ነው። ራሱን ያውቃል።)

አሜሪካኖቹ ጃዝንና ፈንክን ሲያጋቡ ማይልስ ዴቪስ "ቢችስ ብሩ"ን ያወጣው በ1970 ነው። ሙላቱ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ"ን ኒውዮርክ ላይ በ1972 ሠራ። ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ የመጣው በ1973። ማለትም የዘገየ ግልባጭ አልነበረም፣ እኩል ነበርን ማለት ይቻላል። በኔ ጆሮ እንዲያውም የኛው ይበልጣል። የእነሱ ጊታሪስት ብዙ ኖታ አለው፣ ይሮጣል፣ ችሎታውን ያሳያል፤ አንዳንዴ ይደክመኛል። የኛው አምስት ኖታ ብቻ ይዞ ነው የሚገባው፤ ትዝታ ወይ ባቲ ወይ አምባሰል ወይ አንቺሆዬ። ከአምስቱ ስለማይወጣ ፉክክሩ በፍጥነት መሆኑ ይቀርና የት ላይ ዝም እንደሚል፣ የትኛዋን ኖታ እንደሚያስጎነብስ ይሆናል።

ዘመኑንም አስቡት። 1977 ማለት ቀይ ሽብር ነው። ሰዓት እላፊ አለ። ባንዶቹ ሆቴል ውስጥ ናቸው፤ ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ባንድ ግዮን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል። ሰዓት እላፊው ከደረሰ በኋላ መውጣት ስለማይቻል የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ዘፋኝ ሌሊቱን ሙሉ አይችልም። ስለዚህ ሙዚቃው ይረዝማል፣ ጊታሩ ያቺኑ አንዲት ሐረግ ደጋግሞ ደጋግሞ ሰውን ያቆያል። ውጭ ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ግጥም ደግሞ ሳንሱር አለበት፤ ጊታርን ግን ምን ብለህ ትሰርዘዋለህ? ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው "ወደ ሐረር ጉዞ" ግዮን የተቀዳ ካሴት ነው። ስሰማው እኔ ሙዚቃውን ብቻ አልሰማም፣ በሩ የተዘጋበትን አዳራሽም እሰማለሁ።

አሁን ወደ ጮሌ ልመለስ። እዚህ ዘፈን መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛ ከከፈትክ አንዱ ፊቱን ያዞራል፣ የኦሮምኛ ከከፈትክ ሌላው "ምን እያለ ነው?" ብሎ በዓይኑ ይፈትሽሃል። ባለፉት ዓመታት ዘፈን ዘፈን መሆኑ ቀርቶ መታወቂያ ሆኗል። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስፒከር አለች፤ አንድ ሰሞን ማንም አይነካትም ነበር። ዝም ብለን ሻይ ጠጥተን ወደየክፍላችን። አንድ ከሰዓት "ቼ በለው"ን ከፈትኩ። ማንም ምንም አላለም። በኋላ ግን አንዱ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ፣ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ደግሞ እግሩን። ሁለቱ ከተነጋገሩ ወራት አልፏቸዋል። ታረቁ ልላችሁ አይደለም፤ በማግስቱም እንደተኮራረፉ ነበሩ። ግን አርባ ደቂቃ ያህል ስፒከሯን ያጠፋት የለም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት አሉ፣ ኦቦ ነው የምላቸው። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙም አይናገሩም። በረንዳዬ ላይ ሆነው ይቺኑ ሲሰሙ ቆዩና "ኩን ፈርደ" አሉኝ፤ ይሄ ፈረስ ነው ማለታቸው ነው። ያ "ቸክ-ቸክ" የሚለው ጊታር ነው ኮቴ የሆነባቸው። የአልበሙ ስም ፈረስ ማስነሻ መሆኑን ስነግራቸው እንዴት እንደሳቁ! እንግዲህ የአርሲ ሰው ፈረስ አይስተውም። የከተማችን ስምም በአማርኛ ያው ቀልጣፋ ፈረስ ማለት አይደል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። የማሕሙድ አሕመድን "ኧረ መላ መላ" የማያውቅ የለም፣ 1975። ከኋላው ያለው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ጊታር ሰላም ስዩም፣ ቤዝ ጂዮቫኒ ሪኮ። እነዚህን ሁለት ስሞች ስንቶቻችን እናውቃለን? በኋላ ሮሃ ባንድ ሆነው በ80ዎቹ የስንቱን ዘፋኝ ካሴት ሠርተዋል። ካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ግን የዘፋኙ ነው። ከዚያ ኪቦርድ መጣ፣ አንድ ሰው ባንድ ሆነ፣ ጊታሩም ቀነሰ። አሁን እነ ግሩም መዝሙር ጊታሩን ይዘውታል፤ የሚጫወቱበት ጃዝአምባ ግን በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ከጣይቱ ሆቴል ጋር ተቃጠለ። "ወደ ሐረር ጉዞ"ን ደግሞ በ2016 እንደገና ያሳተመው የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ ፈረንጅ በሸክላ ይገዛዋል፣ እኛ በብሉቱዝ እንቀባበለዋለን።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በተለይ አሰላና አዳማ ያላችሁ፤ ቤታችሁ አልጋ ሥር የአባታችሁ የካሴት ካርቶን ካለ አውጡት። ሽፋኑ ውስጥ፣ በዚያች በደቃቅ ጽሑፍ፣ "ጊታር" የሚል ካለ ከጎኑ ያለውን ስም ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። የዘፋኙን ፎቶ አልፈልግም፣ አውቀዋለሁ።