የዳነ የመሰለ ዓይን

በ2016 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ሕፃን ልጃችንን ታቅፈን ስናጫውት፥ ፊታችንን ሲዳስስ በጥፍሩ ቀኝ ዓይናችንን ጫረው። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ስለ ተወን ነገሩን ረሳነው።

ከሁለት ወር በኋላ ግን ሊነጋ ሲል ነቅተን ዓይናችንን ብንገልጥ፥ በመርፌ የተወጋ ያህል አሳመመን፤ እንባውም ይወርድ ጀመር፤ ብርሃን ማየትም አቃተን። ይህም ሕመም በየሳምንቱ ይመላለስብን ነበር። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን «ምች ነው» ብለው የቅጠል ጭማቂ ይዘውልን መጡ። ስለ በጎ አሳባቸው አመስግነን፥ ዓይን መሞከሪያ የሚሆን አካል አይደለምና ወደ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሙም ብጫ ቀለም በዓይናችን ጨምሮ በሰማያዊ ብርሃን ከተመለከተ በኋላ እንዲህ ሲል አስረዳን። ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛው መስተዋት በላዩ ስስ ሽፋን አለው። ጥፍር፥ ወረቀት ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ የጫረው እንደ ሆነ፥ ሽፋኑ በጥቂት ቀን ይተካል፤ ነገር ግን ከሥሩ ጋራ አጥብቆ ለመያያዝ ወራት ያስፈልገዋል። በደንብ ያልያዘ የግድግዳ ልስን በትንሽ ነገር እንደሚረግፍ ሁሉ፥ ይህም ሽፋን ሌሊት ዓይን ሲደርቅ ከቆቡ ጋራ ይጣበቅና ዓይን ሲገለጥ ይላጣል።

የታዘዘልንም መድኃኒት ቀን ቀን ዓይንን የሚያርስ ጠብታ፥ ማታ ማታ ደግሞ 5 በመቶ ጨው ያለበት የዓይን ቅባት ነበረ። ጨውም ሽፋኑን የሚያሳብጠውን ውሃ ይስባል። እኛ ግን በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ቢጠፋ «ድነናል» ብለን ቅባቱን ተውነው። በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰብን፤ ጥፋቱም የራሳችን ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ እስኪፈቅድልን ድረስ ሳናቋርጥ ለወራት ተቀባን። በዚህ ላልዳነ ሰው ሐኪሙ ስስ የመከላከያ ሌንስ ያደርግለታል፥ ወይም የላላውን ሽፋን ጠርጎ ያነሣለታል፤ በሌዘር የሚታከምም አለ።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ ሕመም ቢያገኛችሁ፥ ስትነቁ ዓይናችሁን በድንገት አትግለጡ፤ አስቀድማችሁ ጠብታ ጨምሩ። ዓይናችሁን አትሹ፤ የነፋስ ማራገቢያም ወደ ፊታችሁ አታዙሩ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋልና በቤት አትጠቀሙበት። ዓይኑ ቢቀላ፥ መግል ቢይዝ ወይም ማየት ቢደክም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሕመሙ በጸናብን ወራት የገዛ ልጃችንን ወደ ፊታችን ማስጠጋት እንፈራ ነበር። ዛሬ ግን በየሳምንቱ ጥፍሩን እየቈረጥን እንደ ቀድሞው እናቅፈዋለን።